ተው የተባለው ውሻና ዋሱ አህያ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ «ከወንዙ ወዲህ ማንም ማንንም አይበላም» ብሎ ባወጀበት አገር፣ አንዲት አህያ ከአንድ ትንሽ ውሻ ጋር ትኖር ነበር። መኖር ከተባለ ነው። ትንሽ ውሻ አሳድጎ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ሳልጨርስ ይገባዋል፤ የማያውቀውን ደግሞ እግዜር ይጠብቀው።

ውሻውን ያመጣው ክረምት ነው። ወንዙ ሞልቶ ያገኘውን ሁሉ በሚጠርግበት ወራት፣ እመት አህያ ውሃ ልትጠጣ ወርዳ እርጥብ ጨርቅ የሚመስል ነገር ከግንድ ጋር ተጣብቆ ሲንሳፈፍ አየች። ጨርቁ አስነጠሰ። ማጅራቱን በጥርሷ ይዛ አወጣችውና «ለዛሬ ብቻ ነው፤ ነገ ወደ ወገኖችህ ትሄዳለህ» አለችው።

ወገኖቹ እነማን እንደሆኑ ግን የሚያውቅ ጠፋ። አንዱ ጆሮው ቆሟል፣ ሌላው ተንጠልጥሏል። እግሩ አጭር ነው፤ ጅራቱ ግን ከሌላ ትልቅ ውሻ የተዋሰው ይመስላል። ቀለሙ ቡራቡሬ ሆኖ አፍንጫው ላይ ብቻ ነጭ ጠብታ አለው። ፍየል ዞር ዞር ብላ አየችውና «ድቅል ነው» አለች። በሬ «አባቱ ቀበሮ ሳይሆን አይቀርም» አለ። እመት ቀበሮ ይህን ስትሰማ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ እግር የለም» ብላ ተቆጣች። ነገም ከነገ ወዲያም መጥቶ የወሰደው ዘመድ አልነበረም።

ስም ያወጣለትም የለም። በገባበት ዕለት የእመት አህያን የሣር መኝታ ሲበትን «ተው!» አለችው። ጅራቷን ሲነክስ «ተው!» አለችው። የራሱን ጥላ እያሳደደ ከግንድ ጋር ሲጋጭ «ተው ብዬሃለሁ!» አለችው። ውሎ ሲያድር ስሙ ተው መሰለው። ከዚያ ወዲያ «ተው!» በተባለ ቁጥር ጥፋቱን በመተው ፈንታ ጅራቱን እየቆላ ይመጣና፣ ሰላምታውን አድርሶ ሲያበቃ ወደ ጥፋቱ ይመለሳል። አገሩም ተስፋ ቆርጦ ተው ብሎ ጠራው።

የተውን ሥራ ዘርዝሬ አልጨርሰውም። ቅጠል ሲወድቅ ይጮኻል። ቢራቢሮ ስታልፍ ይጮኻል። ጨረቃ ስትወጣ እንደ ሌባ ይጮህባታል። አንድ ምሽት እውነተኛው ጅብ በደጅ ሲያልፍ ግን እመት አህያ ሆድ ሥር ተወሽቆ ትንፍሽ አላለም፤ አያ ጅቦ ኮረብታውን ከተሻገረ በኋላ ወጥቶ አገሩን አናወጠው። «ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ» የተባለው በእሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጭቃ ሲያይ ይንከባለላል። ወንዝ ወስዳ ስታጥበው እንደሚታረድ ያለቅሳል፤ ታጥቦ ሲወጣ ደግሞ የሞተ ዓሣ ፈልጎ ይንከባለልበታል። መዥገሩን ስትለቅምለት ከንፈሯን ይነክሳታል። ቁንጫውን ግን በቸርነት አካፍሏታል። የራሱ ምግብ ሲቀርብለት አሽትቶ ይተወዋል፤ እሷ ሣር ልትግጥ ስታጎነብስ ከአፏ ሥር ይሻማታል። ውሻ ሆኖ ሣር! የበላውንም እዚያው መኝታዋ ላይ ያስመልሰዋል። መኝታውንማ ተዉት። ክንድ የማይሞላ ፍጡር አግድም ተኝቶ የአህያን መኝታ እንዴት እንደሚሞላ እስከ ዛሬ የገባው የለም። እመት አህያ ግማሽ ጎኗን ዝናብ እየመታው ታድራለች። ስትገፋው ያቃስታል፤ ሲያቃስት ታዝናለች፤ በማዘኗ ደግሞ በራሷ ትናደዳለች።

ከሁሉ የባሰው ሌብነቱ ነበር። የዶሮን እንቁላል፣ የፍየልን ቃጭል፣ የጦጣን ሙዝ፣ ያገኘውን ሁሉ ይወስዳል። ወስዶ ቢበላው እንኳ ደግ ነበር። አይበላውም፣ አይደብቀውም። በጥርሱ አንጠልጥሎ መጥቶ እመት አህያ መኝታ ላይ ያኖረዋል፤ ከዚያ ከፊቷ ቁጭ ብሎ፣ አንዱን ጆሮውን አቁሞ፣ ምስጋና ይጠብቃል። ምስኪኗም በየማለዳው የሰው ንብረት ይዛ በየደጁ ይቅርታ ስትለምን ትውላለች።

«እትዬ ዶሮ፣ ይሄ ያንቺ እንቁላል ነው መሰለኝ።»

«እመት አህያ፣ ዛሬም?»

«ዛሬም። ምን ላድርግ? አልሰበረውም እኮ፤ ልሶታል እንጂ።»

«እስከ መቼ ትችይዋለሽ? አባሪው!»

«ነገ አባርረዋለሁ» ትላለች እመት አህያ። ነገ ስትል ስንት ክረምት እንዳለፈ አትጠይቁኝ።

እንዲህ እያለ ሲኖር የአንበሳ እናት ታመመች። ያረጀች ነበረች፤ ጥርሷም ረግፏል። አንበሳ አዋጁ ወደማይሠራበት ወደ ወንዙ ማዶ ተሻግሮ አደነና፣ ለስላሳ የድኩላ ታፋ አምጥቶ «ጥቂት ቢያድር ይላላላታል» ብሎ አንድ ዋርካ ላይ ሰቀለው። ሊወስድላት ሲመለስ ቅርንጫፉ ባዶ ነበር።

የሰረቀው አያ ጅቦ ነው፤ እንዳትደክሙ አሁኑኑ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ይበላል፣ ቀጥሎ ያስባል፤ ማሰቡን የሚጀምረውም ሲፈራ ብቻ ነው። ፈርቶ ወደ እመት ቀበሮ ሮጠ።

«እመት ቀበሮ፣ ጉድ ሆኛለሁ!»

«ምን በላህ?»

«በምን ዐወቅሽ?»

«አንተ ጉድ የምትሆነው ስትበላ ነው። ምን በላህ?»

«የአንበሳን ታፋ።»

«የአንበሳን!»

«የራሱን አይደለም! የሰቀለውን ነው።»

«ሁሉንም?»

«ግማሹን። ግማሹን ለነገ ብዬ ጉድጓዴ አጠገብ ቀብሬዋለሁ።»

እመት ቀበሮ ጅራቷን እግሯ ላይ ጠምጥማ ዐይኗን ጨፈነች። እሷ ዐይኗን ስትጨፍን የሚጎዳ አይጠፋም።

«አያ ጅቦ፣ የአህያ ሥጋ እንዴት ነው? አልናፈቀህም?»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «አዋጁስ?»

«አዋጁ ከወንዙ ወዲህ ነው። ሌባ ሲገኝ ወደ ማዶ ይባረራል፤ ዋስ ካለውም ዋሱ አብሮት ይባረራል። እኔ ሌባው ያ ድቅል ውሻ ነው እላለሁ። ለእሱ ዋስ የምትሆን ሞኝ ደግሞ አንዲት ብቻ ናት። ሲሻገሩ አንተ ትከተላለህ። ለእኔ ጉበቱን ብትተውልኝ በቂዬ ነው።»

«ግን እኮ ሌባው እኔ ነኝ።»

«አንተ አይደለህም።»

«አይደለሁም?»

«አይደለህም! እስከዚያው አፍህን ዝጋ።»

«ስበላም?»

«አትበላም! የቀበርከውን ፍርዱ እስኪያልቅ እንዳትነካው።»

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ዐይኑ ፈዘዘ። ሞት ቢፈረድበት ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንበሳ አውጫጭኝ አዘዘ። አውጫጭኝ የጥንት ደንብ ነው፤ ሌባው ሲሰወር አገሩ በሙሉ ባንድ ሜዳ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ እውነቱ እስኪወጣ ድረስም ማንም አይበላም፣ አይጠጣም፣ ወደ ቤቱ አይሄድም። በሬ ሥራ ፈትቶ መጣ። ዶሮ ጫጩቶቿን ሰብስባ መጣች። እመት አህያ ተውን ከፊት እግሮቿ መካከል አስቀምጣ «ዛሬ እንኳ፣ ባባትህ፣ ዛሬ እንኳ ቁጭ በል» አለችው። አባቱ ማን እንደሆነ አለመታወቁን የረሳችው ጨንቋት ነው።

እመት ቀበሮ ቀድማ ተነሣች። አንገቷን ሰብራ፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣ «ጌታዬ» አለች፣ «ክፉ መናገር አልወድም። ግን ዛሬ እንቁላል የሰረቀ ነገ በሬ ይሰርቃል ይባላል። በዚህ አገር እንቁላል የሚሰርቅ ማን ነው? እኔ ስሙን አልጠራም፤ የተሰረቃችሁ ተናገሩ።»

ስም መጥራት አላስፈለጋትም። ዐይን ሁሉ ወደ እመት አህያ እግር ዞረ።

«የእኔን እንቁላል ወስዷል» አለች ዶሮ፤ ስታየው አሳዘናትና «እመት አህያ መልሳልኛለች ግን» ብላ ጨመረች።

«የእኔን ቃጭል ወስዷል» አለች ፍየል።

«የእኔን ሙዝ!» አለች ጦጣ። «ያውም የላጥኩትን!»

ሁሉም እውነት ነበር። ክፋቱም ይኸው ነው፤ የቀበሮ ውሸት የቆመው በጎረቤቶች እውነት ላይ ነው። እመት አህያ አንገቷ መሬት ሊነካ ደረሰ። ከእግሯ ሥር ደግሞ ተው የጅራቷን ጫፍ አግኝቶ በደስታ ያኝካል።

አንበሳ ዐይኑ ቀልቷል። እናቱ ጾሟን አድራለች። «ለዚህ ውሻ ዋስ የሚሆን አለ?» ሲል ጠየቀ። «ከሌለ አሁኑኑ ይሻገር። ካለና ጥፋተኛነቱ ከጸና ዋሱም አብሮ ይሻገራል።»

ማንም አልተነሣም። እመት አህያም አልተነሣችም። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ የመጀመሪያው ሐሳቧ መኝታዋ ነበር። ደረቅ መኝታ፣ ሙሉ መኝታ፣ እግሯን ዘርግታ የምትተኛበት። ቁንጫ የለም። ልቅሶ የለም። ማለዳ ተነሥታ የማንንም ደጅ አትጠናም። አንድ ቃል ባትናገር ብቻ ይህን ሁሉ ታገኛለች። ከዚያ ወደ ታች ስታይ ተው ማኘኩን አቁሞ ያያታል፤ አንዱ ጆሮው ቆሟል። የተከሰሰ መሆኑን እንኳ አያውቅም።

«ኤጭ!» አለች እመት አህያ ጮክ ብላ። ተነሣችም። «ዋሱ እኔ ነኝ።»

እመት ቀበሮ ሣቋን መያዝ አቃታት። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የአህያ ዋስስ ከምን ያስጥል ይሆን?»

ጥቂቶች ሣቁ። እመት አህያ ግን የመረራት ስለነበረች ሣቁ አላቆማትም።

«ጌታዬ፣ የተባለው ሁሉ እውነት ነው። እንዲያውም ያልተባለ አለ። ጦጣ፣ ባለፈው የጠፋብሽን ጨርቅ የወሰደው እሱ ነው፤ አኝኮት ስለነበር ለመመለስ አፍሬ ነው። ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከእርስዎ ጋማ የረገፈውን ጸጉር ሳይቀር አምጥቶልኛል።»

አንበሳ ሳያስበው ጋማውን ዳሰሰ።

«ከእኔ በላይ በዚህ ውሻ የተማረረ የለም። እንቅልፌን ወስዷል፤ ጅራቴን እንደምታዩት ጨርሶታል። ሌብነቱን ግን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስለማውቀውም ነው ይህ የእሱ ሥራ አይደለም የምለው። ይህ ውሻ ሰርቆ መደበቅ አያውቅም! መደበቅ ቢያውቅማ ኖሮ እኔ በየደጃችሁ ስለማመጥ እኖር ነበር? ታፋውን እሱ ወስዶት ቢሆን ኖሮ፣ ትናንት ማታ ታፋ ተንተርሼ ነበር የማድረው!»

ዶሮ «ይህስ እውነት ነው» አለች። በሬም ራሱን ነቀነቀ። አንበሳ ግን «ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም» አለ። «ፀሐይ እስክትገባ እንቀመጥ። እስከዚያ ሌላ እውነት ካልወጣ ፍርዱ በውሻው ላይ ነው።»

ተቀመጡ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ ከዚያም ማዘንበል ጀመረች። ሁሉም ተራበ፤ አያ ጅቦ ግን ሊሞት ደረሰ። ሆዱ ሲጮህ ጫጩቶቹ እናታቸው ክንፍ ሥር ገቡ። «ጉድጓዴን ልይና ልምጣ?» ብሎ በተንሾካሾከ ቁጥር እመት ቀበሮ በክርኗ ትጎስመዋለች።

እመት አህያ ለአፍታ አንቀላፍታ ስትነቃ ከእግሯ ሥር ያለው ሣር ብቻ ነው። ተው የለም።

ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ከበሬ ሆድ ሥር አልፎ ወጥቶ ኖሯል። መቼም ቁጭ በል ሲሉት ተቀምጦ አያውቅም፤ ዛሬን ልዩ ቀን የሚያደርግለት ምን ነበር? «ተው!» ብላ ተጣራች። «ተው! ተው!» የሚመጣ የለም።

«ሸሸ!» አለች እመት ቀበሮ ብድግ ብላ። «ንጹሕ ሰው ይሸሻል? ዋሱን ጥሎ ሄደ!»

ፍየል ከንፈሯን መጠጠች። አንበሳ ወደ ወንዙ አየ፤ ከዚያም ወደ ፀሐይዋ። «እመት አህያ፣ ፀሐይ ስትገባ ውሻው ካልተገኘ ብቻሽን ትሻገሪያለሽ።»

እመት አህያ መሬቱን በሰኮናዋ ጫረች። ከፍርሃቷ ንዴቷ በለጠ። «ከጎርፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ!» ትላለች ለራሷ። «መዥገር የለቀምኩለት እኔ! ዝናብ እየመታኝ መኝታዬን የለቀቅኩለት እኔ! ይሄ መናጢ!» ወዲያው ደግሞ «ወንዝ ገብቶ ይሆን እንዴ? ዋና እኮ አይችልም» ብላ ትጨነቃለች። ፀሐይዋ ኮረብታውን ነካች።

ያን ጊዜ ከቁጥቋጦው ውስጥ መጀመሪያ ረጅም ጅራት ታየ። ከጅራቱ ቀጥሎ አጫጭር የኋላ እግሮች። ተው ወደ ኋላ እየሄደ፣ እያቃሰተ፣ ከራሱ የሚበልጥ ነገር በጥርሱ ይጎትታል። አፈር በአፈር ሆኗል። ክቡን ሰንጥቆ፣ የበሬን እግር ረግጦ፣ እቃውን እመት አህያ ሰኮና ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ከፊቷ ቁጭ ብሎ አንዱን ጆሮውን አቆመ።

ግማሽ የድኩላ ታፋ ነበር።

ሁሉም ወደ ታፋው አንገቱን አሰገገ። እመት ቀበሮ ግን ፈጣን ናት። «አያችሁ!» ብላ ጮኸች። «የደበቀበትን ባያውቅ ከየት ያመጣዋል? ራሱ ሰርቆ ራሱ አመጣው!»

ነገሩ ያስኬዳል። በሬ ግራ ተጋባ፣ ዶሮ አቀረቀረች፣ አንበሳም ከተቀመጠበት ተነሣ። አንድ ትንፋሽ ያህል ቢቆይ ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር።

የሥጋው ሽታ ግን አያ ጅቦ አፍንጫ ደርሷል። ቀኑን ሙሉ የተራበ ጅብ አዋጅ አይሰማም፣ ምክርም አያስታውስም። ከተቀመጠበት ተፈናጥሮ መሐል ሜዳ ገባ።

«ልቀቀው! የእኔ ነው! ለዛሬ ብዬ ራሴ የቀበርኩትን!»

እመት ቀበሮ ፊቷን በጅራቷ ሸፈነች።

«የማን ነው አልክ?» አለ አንበሳ በቀስታ።

«የእኔ!» አለ አያ ጅቦ ገና ሳይገባው። «እመት ቀበሮ ምስክሬ ናት። ፍርዱ እስኪያልቅ አትንካው ያለችኝ እሷ አይደለች? ንገሪያቸው እንጂ!»

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። በመጨረሻው ብርሃን አንበሳ ሁለቱን ከፊቱ አስቀድሞ እየነዳ ወንዙን አሻገራቸው። እስኪርቁ ድረስ አያ ጅቦ «ግን አንተ አይደለህም ብለሽኝ ነበር እኮ!» ሲላት ይሰማ ነበር።

አንበሳ ከመሄዱ በፊት የተረፈውን ታፋ ዋርካው ሥር አስቀምጦ «ስመለስ ለእናቴ እወስደዋለሁ፤ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ነበር። ጎረቤቶች እመት አህያን ከበቧት። ዶሮ ይቅርታ ጠየቀቻት። ፍየል «እኔስ ቀድሞም አላመንኩም» አለች፤ ውሸቷን ነው። ጦጣ ጨርቋን መልሳ እንድታገኝ ጠየቀች። እመት አህያ ለሁሉም አመስግና፣ እግሯን እየጎተተች፣ ዛሬ እንኳ በሰላም ልተኛ ብላ ቤቷ ገባች።

መኝታዋ ላይ ግማሽ የድኩላ ታፋ ተኝቷል። ከአጠገቡ ተው ቁጭ ብሎ ምስጋና ይጠብቃል።

እመት አህያ ለረጅም ጊዜ አየችው። አልጮኸችም፤ ለመጮህ የቀራት ጉልበት አልነበረም። ሥጋ በአፏ ነክታ የማታውቀዋ አህያ ታፋውን በጥርሷ ጫፍ አንጠልጥላ፣ ዐይኗን በመጸየፍ ጨፍና፣ ወደ ዋርካው ጉዞ ጀመረች። ተው እየዘለለ ከፊቷ ይሮጣል፤ እሷ በአፏ ስላልቻለች በልቧ ትራገማለች። ዋርካው ሥር አንበሳ ቆሞ ባዶውን ቦታ ያያል።

ታፋውን ከእግሩ ሥር አስቀመጠችና አንገቷን ደፋች። አንበሳ ታፋውን አየ። ውሻውን አየ። የመጀመሪያው ሣቁ ዋርካው ላይ የነበሩትን ወፎች አበረራቸው።

«መደበቅ አያውቅም ያልሽው እውነት ነው» አለ። «ግን ደክመሻል። ከፈለግሽ ውሻውን ሩቅ አገር ልስደድልሽ፤ አንቺም ትተኚ።»

እመት አህያ ጭቃ የለበሰውን፣ ጅራቷን ለመያዝ የሚያደባውን፣ አንድ ጆሮ የቆመውን ነገር ተመለከተች።

«ኧረ ይቅር፣ ጌታዬ» አለች በረጅሙ ተንፍሳ። «እሱ ጎኔን ካልገፋኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ነገ እንኳ... ነገ እናየዋለን። ና፣ ተው። ወደ ቤት።»

ከዚህ የምንማረው፣ የወዳጃችንን ጥፋት ከነልኩ የምናውቅ እኛ ነንና፣ ሌሎች ያላጠፋውን ሊጨምሩበት ሲነሡ እየተማረርንም ቢሆን ቀድመን መነሣት ያለብን እኛው መሆናችንን ነው።